የጅዮቲ ፕራሳድ ድምፅ ከ«ጆይሞቲ» ላይ አይነሣ
ለፊልም ቅርስ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በአሳም የፊልምና የቴአትር ቅርስን እንዲጠብቅ ኃላፊነት ለተሰጠው መሥሪያ ቤት

ጉዳዩ፦ በ«ጆይሞቲ» ፊልም የእድሳት ዕቅድ ላይ ተቃውሞና ጥያቄ ስለማቅረብ

የተከበራችሁ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣

የመጀመሪያውን የአሳምኛ ፊልም «ጆይሞቲ»ን አድሳችሁ በመጪው የከያንያን ቀን፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 17፣ ለሕዝብ ለማሳየት ያወጣችሁት ዕቅድ ለእኛ ለእድሳቱ ባለሙያዎች ደርሶናል። ዕቅዱ ሦስት ውሳኔዎችን ይዟል። የፊልሙ ነባር ድምፅ ተነሥቶ በዛሬ ተዋንያን ንግግርና በአዲስ ኦርኬስትራ እንዲተካ ተወስኗል። ምስሉ ሰፊውን ስክሪን እንዲሞላ፣ የጎደሉት ትዕይንቶችም ክፍተታቸው በማይታይበት መንገድ እንዲገጣጠሙ ታዟል። ሥራው ሲያበቃ ደግሞ ጥቅሎቹ «ዲጂታል ቅጂ ስላላቸው» ከቀዝቃዛው ክፍል ወጥተው ወደ ተራ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራሉ። ለሁሉም የተሰጠን ጊዜ ስምንት ሳምንት ነው። ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ያቀረብነው የሙያ አስተያየት መልስ ስላላገኘ፣ የፊልሙ ባለቤት የሆነው ሕዝብም እንዲያውቀው በግልጽ ጽፈናል።

ደብዳቤው ለሁሉም ክፍት ስለሆነ፣ ነገሩን ከቅርብ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የፊልሙ ዳይሬክተር ጅዮቲ ፕራሳድ አጋርዋላ እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 1903 በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ በአሳም ግዛት በዲብሩጋር አካባቢ፣ ታሙልባሪ በሚባል የሻይ እርሻ ተወለደ። ገና በጉርምስናው ተውኔት መጻፍ ጀመረ። በ1926 ለትምህርት ወደ ኤደንብራ ሄደ፤ ዲግሪውን ሳይጨርስ ወደ ጀርመን ተሻገረና በኡፋ ስቱዲዮ ለወራት የፊልም ሥራ ተማረ። በ1930 ወደ አገሩ ተመልሶ የነጻነት ትግሉን ተቀላቀለ፤ በ1932 ዐሥራ አምስት ወር ተፈርዶበት ታሰረ። ከዚያ በኋላ በቤተሰቡ የሻይ እርሻ በቦላጉሪ ላይ «ቺትራባን» ያለውን ስቱዲዮ ከቀርከሃ፣ ከሰሌንና ከሙዝ ግንድ አቆመ። የመጀመሪያው የአሳምኛ ፊልም «ጆይሞቲ» የተሠራው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 1935 በካልካታ ራውናክ ቴአትር ሲመረቅ መራቂው ደራሲው ላክሽሚናት ቤዝባሩዋ ነበር፤ የፊልሙ ታሪክም የተወሰደው ከእሱ ተውኔት ነው። ፊልሙ ወጪውን ሳይመልስ ቀረ። ጅዮቲ ፕራሳድ በ1939 ሁለተኛውንና የመጨረሻውን ፊልሙን «ኢንድራማሎቲ»ን ሠራ፤ ጃንዋሪ 17 ቀን 1951 በቴዝፑር ዐረፈ። የከያንያን ቀን የሚከበረው በዚህ ዕለት ነው።

«ጆይሞቲ» ሙሉውን አልደረሰንም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ታናሽ ወንድሙ ህሪዳያናንዳ አጋርዋላ በቤተሰቡ ጋራዥ ውስጥ የተከማቸ አሮጌ ዕቃ ሲያስወጣ ሰባት ጥቅል አገኘ። በ«ኢንድራማሎቲ» በልጅነቱ የተወነውና የዘፈነው ቡፔን ሃዛሪካ ስለ ጅዮቲ ፕራሳድና ስለ ፊልሙ በ1976 በሠራው ዘጋቢ ፊልም የተረፈውን ክፍል አካተተው። ዛሬ «ጆይሞቲ» የምንለው ከዚያ ጋራዥ የወጣውን ነው። ከዚህ በኋላ የሚነሣው ሁሉ በእነዚያ ጥቅሎችና ከእነሱ በተገለበጡት ላይ ስለሚደርሰው ነገር ነው።

ከሁሉ የከበደን የድምፁ ውሳኔ ነው።

በዕቅዱ ገጽ ላይ ነባሩ ድምፅ «ጥራት የጎደለው፣ የሴት ገጸ ባሕርያቱም ንግግር ተፈጥሯዊ ያልሆነ» ተብሏል። የሴቶቹ ንግግር ተፈጥሯዊ አለመሆኑ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን በፊልሙ ታሪክ ውስጥ በደንብ የታወቀ ነው። ቀረጻው አልቆ ጅዮቲ ፕራሳድ በላሆር ለቅንብር ሲቀመጥ የፊልሙ ግማሽ ድምፅ እንደሌለው ተረዳ። ተዋንያኑ በየቀያቸው ነበሩ፤ ከአሳም ላሆር ድረስ ሰብስቦ ለማምጣት ገንዘቡም ጊዜውም አልነበረውም። የድምፅ ስቱዲዮ ተከራየና የወንዶቹንም የሴቶቹንም ንግግር ራሱ ተናገረ። በአንድ ቀን ስድስት ሺህ ጫማ ፊልም ቀዳ። 35 ሚሊ ሜትር የድምፅ ፊልም በደቂቃ 90 ጫማ ስለሚሄድ፣ ይህ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሆን ንግግር ነው።

እንግዲህ ዕቅዱ ጉድለት ብሎ ሊያነሣው የተነሣው የደራሲውንና የዳይሬክተሩን የገዛ ድምፅ ነው። ጅዮቲ ፕራሳድ የሚናገረውን በጆሯችን የምንሰማበት እንዲህ ያለ ቅርስ እጅግ ጥቂት ነው። ከተነሣ በኋላ ተመልካቹ የሚሰማው የእኛን ዘመን ሰዎች ይሆናል፤ «የመጀመሪያው የአሳምኛ ፊልም» የሚለው ጽሑፍ ግን ከላይ ይቀራል።

ነባሩን ድምፅ እንዳለ ማቆየት የሚቻል ስለመሆኑ የተጠራጠራችሁ ከሆነ አሠራሩ የሚከተለው ነው። ድምፁ በፊልሙ ላይ በምስሉና በአንዱ ወገን ቀዳዳዎች መካከል ባለች፣ ስፋቷ ከ3 ሚሊ ሜትር ባነሰ መስመር የብርሃንና የጥላ ቅርጽ ሆኖ ታትሟል። ይህችን መስመር ለምስል የተዘጋጀ ስካነር በደንብ አያነባትም፤ ብርሃኑም ትኩረቱም ለምስሉ ስለሚስተካከል የድምፁ ጠርዝ ይደበዝዛል። ስለዚህ መስመሯ ለብቻዋ ስካን መደረግ አለባት። ከዚያ በፊት ፊልሙ መጽዳት ይኖርበታል፤ በመስመሯ ላይ የተቀመጠች አንዲት የአቧራ ፍሬ በድምፅ ማጉያው «ቷ» ብላ ትወጣለች፤ ሻጋታ ከሆነ ደግሞ እንደሚቆላ ገብስ ያለማቋረጥ ይንጣጣል። ብዙው ጫጫታ በኮምፒውተር ሳይሆን በዚህ የእጅ ሥራ ይወገዳል።

ማጣሪያው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዋናው አደጋም እዚህ አለ። በዕቅዱ የተመረጠው ዝግጁ ማጣሪያ ለስላሳና የማያቋርጥ ሽውታ በሰማ ቁጥር ጫጫታ ነው ብሎ ይቆርጣል። አሳምኛ ደግሞ ከጎረቤቶቹ ከቤንጋሊና ከሕንድኛ የሚለይበት አንድ ድምፅ አለው፤ በእኛ ፊደል ለመጻፍ የሚቀርበው «ኽ» ነው፤ ከጉሮሮ አካባቢ በለስላሳ ትንፋሽ የሚወጣ። አሳማውያን አገራቸውን «ኦኾም» ይላሉ። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ «ሶኒት» ተብሎ የሚታወቀው የጅዮቲ ፕራሳድ ተውኔትም በአሳምኛ የሚነበበው «ኾኒት ኩዎሪ» ተብሎ ነው። ያ ዝግጁ ማጣሪያ ይህን ትንፋሽ ከፊልሙ ሽውታ መለየት አይችልም። ሲበረታ «ኦኾም» የሚለው ቃል መካከሉ ተበልቶ «ኦ…ም» ይሆናል። የአንድ ደቂቃ ናሙና ከሁለተኛው ደብዳቤያችን ጋር አያይዘን ልከንላችኋል፤ እባካችሁ በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። የዚያን ዘመን የድምፅ መስመር ከ8 ኪሎ ኸርትዝ በላይ የሚረባ ንግግር ስለማይይዝ ከዚያ በላይ ያለውን ሽውታ ማውረድ ጉዳት የለውም፤ ከዚያ በታች ያለው ግን ቃል በቃል እየተሰማ፣ አሳምኛ አፉን የፈታበት ሰው አጠገብ ተቀምጦ ነው የሚነካው።

ስለ መቁረጥም መናገር አለብን፤ ዕቅዱ «የተበላሹ ፍሬሞች ይወገዱ» ይላልና፤ ፍሬም ማለት በፊልሙ ላይ ያለ አንድ ነጠላ ምስል ነው። በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ የአንድ ምስል ድምፅ ከጎኑ አልታተመም። ምስሉ በሌንሱ ፊት ሲያልፍ ድምፁ የሚነበበው ከታች በሌላ ቦታ ስለሆነ፣ ድምፁ 20 ፍሬም ገደማ ቀድሞ ታትሟል። ስለዚህ የተቀደዱ 10 ፍሬሞች ተቆርጠው ሲጣሉ ጉዳቱ ሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ እዚያው ምስሉ ላይ፣ ሌላው 0.8 ሰከንድ ገደማ ቆይቶ በሚመጣ፣ ራሱ ምንም ባልሆነ ምስል ንግግር ላይ። ከንፈር ሲንቀሳቀስ ቃል የሚጠፋባቸው ብዙ አሮጌ ፊልሞች በሽታቸው ይኸው ነው፤ ያለፈ ጊዜ ጠጋኝ በቅንነት ቆርጦ አበላሽቷቸዋል። ስካን ከተደረገ በኋላ ምስሉን ብቻ ለይቶ ማከም ስለሚቻል፣ ዛሬ አንዲት ፍሬም እንኳ ከጥቅሉ የሚቆረጥበት ምክንያት የለም።

ፍጥነቱም አለ። ለቴሌቪዥን እንዲመች ፊልሙ በሰከንድ በ25 ፍሬም እንዲሄድ ታዟል፤ የተሠራው ግን በ24 ነው። ልዩነቱ 4 በመቶ ስለሆነ ለዓይን አይታወቅም። ለዘፈን ግን ብዙ ነው፤ ዜማው ወደ ግማሽ ቃና በሚጠጋ ልክ ከፍ ብሎ ይቀጥናል። ከዜማ ጋር የኖረ አድማጭ ወዲያው ያውቀዋል።

ኦርኬስትራው ላይ ያለን ተቃውሞ ከዚሁ የሚመጣ ነው። ጅዮቲ ፕራሳድ ከ«ኾኒት ኩዎሪ» ጀምሮ ለመድረክ የሚሆን ሙዚቃ ፍለጋ ወደ ቤንጋል ቴአትርም ወደ ሂንዱስታኒ ዜማም አልሄደም። የቢሁ በዓል ዘፈን፣ የሠርግ ዘፈን፣ ቦርጊት የሚባለውን የጸሎት ቤት መዝሙር ወሰደ፤ ከአውሮፓ የተማረውን የድምፅ አቀናበር በዚያ ላይ ጨመረ። ሦስት መቶ ያህል ዘፈኖቹ ዛሬ «ጅዮቲ ሶንጊት» ተብለው በስሙ የሚጠሩት ይህን አዲስ መንገድ ስለከፈተ ነው። በ«ጆይሞቲ» ውስጥ የምንሰማው ይህ መንገድ ገና ሲጀመር ነው። ዘፈኖቹን በአዲስ አቀናበር መጫወት ለሚፈልግ ኦርኬስትራ መድረኩ ክፍት ነው፤ ለፊልሙ ማሳያ መክፈቻም ግሩም ዝግጅት ይሆናል። በፊልሙ ላይ ግን አይለጠፍ።

ወደ ምስሉ እንለፍ። የዚያን ጊዜ ምስል ስፋቱ ከቁመቱ ጋር ሲነጻጸር 1.37 ለ 1 ነው፤ የዛሬው ስክሪን 1.78 ለ 1። ለመሙላት ያለው መንገድ ሁለት ብቻ ነው። ከተለጠጠ ፊት ሁሉ በ30 በመቶ ይሰፋል። ከላይና ከታች ከተቆረጠ ደግሞ 23 በመቶው ይጠፋል፤ ከአራት እጅ አንድ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ይህ ሌላ ፊልም ቢሆን ሰማይና መሬት ነው ሊባል ይችል ይሆናል። ጅዮቲ ፕራሳድ ግን አሳምን ይገዙ የነበሩትን የአሆም ነገሥታት ቤተ መንግሥት ለማሳየት እውነተኛ የአሳም ዕቃ ነው የሰበሰበው፦ ጃፒ የሚባለውን ሰፊ ባርኔጣ፣ ሄንግዳንግ የሚባለውን ጎራዴ፣ ቦታ የሚባለውን ባለ እግር ማቅረቢያ። የቆመ ሰው በሙሉ ቁመቱ በሚታይበት ትዕይንት ላይ ሞክረነዋል፤ ከላይ የጃፒው ጫፍ፣ ከታች የጎራዴው ጫፍና የቦታው እግር ይሄዳሉ። ምስሉ በመሐል ተቀምጦ በግራና በቀኝ ጥቁር ቢተው ማንም አይከፋም።

የብርሃኑ መለዋወጥ ሌላው ነው። ዕቅዱ ሁሉም ትዕይንት «እኩል ብርሃን» እንዲኖረው ያዛል። ቦላጉሪ ላይ የተቀረጸው በፀሐይ ነው፤ ብርሃኑን በሰሌዳ አንጸባርቀው ወደ ተዋንያኑ ይመልሱት ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ቀረጻው ለቀናት ይቋረጣል። በአንድ ትዕይንት ውስጥ ደመና ሲያልፍ ምስሉ ጠቆር፣ ፈካ የሚለው ለዚህ ነው። ይህ ከፊልሙ ኬሚካል መበላሸት ከሚመጣው መንቦግቦግ ፈጽሞ ይለያል፤ ያኛው በየፍሬሙ ይዘላል፣ የደመናው ግን በሰከንዶች ውስጥ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። አንደኛውን እናክማለን። ሁለተኛው የዚያ ቀን ሰማይ ስለሆነ ይቆይ።

ስለ ጎደሉት ትዕይንቶች ብዙ አንልም። ታሪኩ የሚዘልባቸው ቦታዎች አሉ። እነሱን በሌላ ምስል መሸፈን ወይም ሁለቱን ጫፍ አገጣጥሞ እንደ ሙሉ ፊልም ማቅረብ ተመልካቹን ያሳስታል፤ የጆይሞቲ ባል ጎዳፓኒ ከአሆሙ ንጉሥ ከሎራ ሮጃ ሸሽቶ ወደ ናጋ ኮረብታዎች መሄዱንና ጆይሞቲ በጄሬንጋ ፓታር የደረሰባትን ስቃይ የሚያውቀው አሳማዊም ቢሆን የቱ ከ1935 የተረፈ፣ የቱ የእኛ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። ጥቁር ምስልና «ይህ ክፍል አልተገኘም» የሚል አንድ መስመር ይበቃል።

ስምንት ሳምንት ለምን እንደማይበቃ በቁጥር እናሳያችሁ። አንድ ሙሉ ጥቅል 1,000 ጫማ ነው፤ በአንድ ጫማ 16 ፍሬም አለ። ሰባት ጥቅል ሙሉ ቢሆን 112,000 ፍሬም ይሆናል፤ ሲታይ ከ78 ደቂቃ አይበልጥም። ለእያንዳንዱ ፍሬም ሁለት ደቂቃ የእጅ ሥራ ቢሰጠው 3,700 ሰዓት ያልፋል፤ አንድ ሰው በቀን ስምንት ሰዓት ሳያርፍ ቢሠራ ከ460 ቀን በላይ ነው። አምስት ሰው ቢመደብ ከሦስት ወር ያልፋል፤ ያውም ጽዳቱ፣ ስካኑና የድምፁ ሥራ ሳይቆጠር። በስምንት ሳምንት የሚጨርሰው ኮምፒውተሩ ብቻውን ሲሠራ ነው። ብቻውን ሲለቀቅ ደግሞ ዝናብን ጭረት፣ የሚወረወርን ነገር አቧራ ብሎ ያጠፋል።

ሦስተኛው ውሳኔ መመለሻ የለውም፤ ስለዚህ ቀድሞ ሊታገድ የሚገባው እሱ ነው።

በ1930ዎቹ የታተመ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም መደቡ፣ ማለትም ምስሉን የተሸከመው ስስ ፕላስቲክ፣ በአብዛኛው ናይትሬት ነው። ከ1950ዎቹ ወዲህ የተገለበጠው ደግሞ አሲቴት ነው። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ የለባቸውም። ናይትሬት ሲበሰብስ የሚያወጣው ጋዝ ጎረቤቱንም ያበላሻል። መበስበሱ ደረጃ አለው፤ ምስሉ መጀመሪያ ወደ ቡናማነት ይደበዝዛል፣ ከዚያ ፊልሙ ይጣበቃል፣ እንደ ማር አረፋ ያወጣል፣ ደርቆ አንድ ድንጋይ ይሆናል፣ በመጨረሻ ቡናማ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። እስከ ሁለተኛው ደረጃ ድረስ ገልብጦ ማዳን ይቻላል፤ ሦስተኛው ላይ የሚተርፈው ቁርጥራጭ ነው። ክፉኛ የበሰበሰ ናይትሬት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ትንሽ አልፎ ለብዙ ጊዜ ከቆየ ማንም ሳይነካው ሊቀጣጠል ይችላል። ሲነድ ኦክስጅኑን ራሱ ስለሚያመነጭ ውሃም ሆነ አፍኖ ማጥፊያ አያቆመውም፤ ጭሱም መርዝ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ወረቀትና የቤት ዕቃ የተከማቸበት ግምጃ ቤት ለዚህ የሚሆን ቦታ አይደለም። አደጋው ለፊልሙ ብቻ ሳይሆን እዚያ ለሚሠሩት ሰዎችም ነው።

አሲቴቱ አይፈነዳም፤ ግን ይኮመጥጣል። ቆርቆሮው ሲከፈት የኮምጣጤ ሽታ ካወጣ ፊልሙ መኮማተር ጀምሯል ማለት ነው። መለኪያው ቀላል ነው። ባልተኮማተረ ፊልም ላይ 100 የጠርዝ ቀዳዳዎች 475 ሚሊ ሜትር ይሸፍናሉ። 470 አካባቢ ከሆነ አንድ በመቶ ተኮማትሯል፤ ከዚያ በኋላ ፕሮጀክተር ላይ ከወጣ ጥርሶቹ ከቀዳዳዎቹ ጋር ስለማይገጥሙ ጠርዙን ዳር እስከ ዳር ይተለትሉታል። የእናንተ መመሪያ ግን ጥቅሎቹ «መሥራታቸው እንዲረጋገጥ» በፕሮጀክተር እንዲታዩ ያዛል። ይህ ትእዛዝ ዛሬውኑ ይሰረዝ። ጥቅል የሚፈተሸው በእጅ ማጠንጠኛ፣ በነጭ ብርሃን ጠረጴዛ ላይ፣ ጓንት በለበሰ እጅ ነው።

የአሳም አየር ለዚህ ሁሉ ጠላት ነው። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ባለው የዝናብ ወቅት የአየሩ እርጥበት 80 በመቶና ከዚያ በላይ ይሆናል። የፊልሙ ምስል የተያዘው በጄላቲን ነው፤ ጄላቲን ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ እርጥበት ካገኘ የሻጋታ ምግብ ነው። ስለዚህ ቀዝቃዛው ክፍል ከ4 ዲግሪ በታች፣ እርጥበቱም ከ30 እስከ 50 በመቶ መሆን አለበት። መብራት ሲቋረጥ የሚነሣ ጄኔሬተርም ያስፈልገዋል፤ መቀዝቀዝና መሞቅ የሚፈራረቅበት ክፍል በጊዜ ብዛት ከተራ ክፍል አይሻልም። ጥቅል ለሥራ ሲወጣ ቆርቆሮው ሳይከፈት፣ በታሸገ ከረጢት ውስጥ እንዳለ 24 ሰዓት ይቆይ። ቸኩሎ የሚከፍት ሰው ጠል ያስገባበታል፤ ጠሉ ጄላቲኑን ያረጥበዋል፣ ንብርብሩም እርስ በርሱ ይጣበቃል።

«ዲጂታል ቅጂ አለን» የሚለው ክርክር ሁለት ጉድለት አለበት። የመጀመሪያው፣ ቅጂው በየጊዜው የሚያረጅ መሆኑ ነው፤ ትናንት በቪዲዮ ሲገለበጥ የነበረው 576 መስመር ብቻ ይዞ ነው፣ የዛሬ የ4ኬ ስካን ከ3,000 በላይ ያነባል፣ የነገው ደግሞ የድምፁን መስመር ዛሬ ባልቻልነው መንገድ ያነብ ይሆናል። የሚያነበው ግን ጥቅሉ ካለ ነው። ሁለተኛው፣ ፋይልም ጥበቃ ይፈልጋል። ሰባቱ ጥቅል በ4ኬ 5.7 ቴራባይት ገደማ ይሆናል። ሦስት ቅጂ፣ ቢያንስ በሁለት ከተማ፣ አንዱ ኤልቲኦ በሚባለው የማከማቻ ማግኔት ቴፕ፣ በየዓመቱ የፋይሉ አሃዛዊ አሻራ እየተመሳከረ መቀመጥ አለበት። በዕቅዱ በጀት ላይ ያየነው አንድ ሃርድ ዲስክ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ትንሽ ይመስላል፣ ለእኛ ግን ትንሽ አይደለም። በተላከልን የማስታወቂያ ረቂቅ ላይ የፊልሙ ስም በሕንድኛ አነባበብ «ጃይማቲ» ተብሎ ተጽፏል፤ «ረ» የሚለው ፊደልም ከሥሩ ነጥብ ያለበት የቤንጋሊው ነው። የአሳምኛው በሆዱ ውስጥ ሰያፍ ጭረት ያለበት ነው። ለመጀመሪያው የአሳምኛ ፊልም ማስታወቂያ የአሳምኛ ፊደል መጠቀም የግድ ነው። የቤዝባሩዋ ስም ተዘሏል። የጆይሞቲን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው አይዴው ሃንዲክም የለችበትም። ይህች የጎላጋት ልጅ ሴት በመድረክና በፊልም መታየቷ እንደ ነውር በሚቆጠርበት ዘመን የመጀመሪያዋ የአሳምኛ ተዋናይት ሆነች። በፊልሙ ውስጥ ባሏን ለተጫወተው ሰው የባል መጠሪያ ተናገረች ተብሎ የሰፈሯ ሰዎች አገለሏት፤ ሳታገባ ኖራ በ2002 ሞተች። በፊልሙ የከፈለችውን ያህል ከተዋንያኑ ማንም አልከፈለም። ስሟ በማስታወቂያው ላይ ከዳይሬክተሩ ስም ቀጥሎ ይጻፍ።

የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ጥቅሎቹን ወደ ግምጃ ቤት የማዛወሩ ትእዛዝ ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ በሳምንት ውስጥ በጽሑፍ ይታገድልን፤ በፕሮጀክተር የመፈተሹም እንዲሁ። እያንዳንዱ ጥቅል መደቡ፣ ርዝመቱ፣ የመኮማተሩ መጠንና የመበስበስ ደረጃው ተለይቶ ይመዝገብ፤ መዝገቡም ለሚጠይቅ ሁሉ ክፍት ይሁን። ምዝገባውን በዐሥር የሥራ ቀን እንጨርሳለን። ናይትሬት ሆኖ የተገኘው በእሳት መከላከያ ደንብ መሠረት ለብቻው ይቀመጥ።

የድምፅ መተካቱ ውሳኔ ይሻር። ነባሩ ድምፅ በተናጠል ስካን ተደርጎ ያልተነካው ቅጂ ለዘለቄታው ይቀመጥ፤ ለማሳያ የሚሆነው በልኩ ይጸዳ። ንግግሩ ለማይሰማው ተመልካች የአሳምኛ የግርጌ ጽሑፍ ይዘጋጅ፤ በፊልሙ መጀመሪያም ድምፁ የማን እንደሆነና ለምን እንደሆነ የሚገልጽ ሁለት መስመር ይግባ። ለተዋንያንና ለኦርኬስትራ የተመደበው ገንዘብ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ጄኔሬተርና ወደ ፋይሎቹ ማከማቻ ይዛወር።

ምስሉ በ1.37 ስፋቱ፣ በ24 ፍሬም ፍጥነቱ፣ ክፍተቱም እየታየ ይቅረብ። የሥራው ጊዜ ወደ ዐሥራ አራት ወር ይራዘም። ለመጪው ጃንዋሪ 17 ቀን የግድ አንድ ነገር መታየት አለበት ካላችሁ፣ እስከዚያ የሚደርሰውን አንዱን ጥቅል፣ 11 ደቂቃውን፣ ከነድምፁ አዘጋጅተን እናስረክባለን። በቴዝፑርም በጉዋሃቲም አብረን ቆመን ለተመልካች ለማስረዳት ዝግጁ ነን።

ማስታወቂያው ከመታተሙ በፊት በአሳምኛ ቋንቋ ባለሙያዎቻችን እንዲታይ፣ የጠየቅናቸውን በዝርዝር የምንወያይበት ስብሰባም በአስራ አምስት ቀን ውስጥ እንዲጠራ እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የፊልም ጥቅል ጥገናና ፍተሻ ሠራተኞች
የስካንና የምስል እድሳት ባለሙያዎች
የድምፅ መስመር ባለሙያዎች
የፕሮጀክተር ሠራተኞች
የአሳምኛ ንግግርና የዜማ ገልባጮች